ቅዱስ ቁርባን ለሕፃናትና ለአረጋውያን ብቻ ነውን?

ዳንግላ፦ እሑድ ጎሕ ሳይቀድ ደወል ሲደወል በዳንግላ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ነጭ የለበሰ ሰው ወደየአጥቢያው ማምራት ይጀምራል። ቅዳሴው ይገባል፤ መልእክታቱና ወንጌሉ ይነበባሉ፤ ሕዝቡ ቆሞ ይሰማል፣ ይሰግዳል፣ ይቀድሳል። ሥጋውና ደሙ ለሕዝቡ በሚታደልበት ሰዓት ግን ወደ ፊት የሚቀርበው ከቆመው ሕዝብ ጥቂቱ ነው። በእናታቸው እቅፍ ያሉ ጨቅላዎች፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሕፃናት፣ ምርኩዝ የያዙ አባቶችና ቆብ የደፉ እናቶች ይቀርባሉ። በመሀል ያለው ትውልድ፣ የሚያርሰው፣ የሚነግደው፣ ቢሮ የሚገባው፣ ልጅ የሚያሳድገው፣ እስከ መጨረሻው ቆሞ ጠበል ጠጥቶ ይመለሳል።

ይህ የዳንግላ ብቻ ታሪክ አይደለም። ከእንጅባራ እስከ ባሕር ዳር፣ ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎች ሁሉ የሚታይ ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ደግሞ ይህንን ልማድ አይደግፈውም። በትምህርቱ መሠረት ቁርባን ለተጠመቀ ሁሉ የተሰጠ ነው፤ የዕድሜ ገደብ የለውም። ታዲያ ትምህርቱና ልማዱ የተለያዩት ለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ምሥጢሩ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ከሚቀበለው ሰውም ምን እንደሚጠበቅ ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

"ቁርባን" የሚለው ቃል ከ"ቀረበ" የወጣ ነው። ለእግዚአብሔር የቀረበ መባ፣ መሥዋዕት ማለት ነው። ቃሉ መቅረብንም ይይዛል፤ ሰው ወደ አምላኩ የሚቀርብበት ነውና። ቤተ ክርስቲያኒቱ የሃይማኖቷን መሠረት በ5 አዕማደ ምሥጢር ታስተምራለች፤ እነርሱም ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቁርባንና ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ናቸው። ቁርባን በ4ኛነት የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥምቀት የተወለደ ሰው የሚመገበው ምግብ፣ የትንሣኤውም መያዣ ተደርጎ ይታያል። ከ7ቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን መካከልም አንዱ ነው።

መነሻው ጸሎተ ሐሙስ ነው። ኢየሱስ ክርስቶስ ከመያዙ በፊት በነበረው ምሽት ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በማዕድ ተቀምጦ ኅብስቱን ባርኮ ሥጋዬ ነው ብሎ እንደሰጣቸው፣ ጽዋውንም አንሥቶ ስለ ብዙዎች የሚፈስስ ደሜ ነው እንዳላቸው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 26 ተጽፏል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ደግሞ ሥጋውን የማይበላ፣ ደሙን የማይጠጣ ሕይወት እንደሌለው ተነግሯል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እነዚህን ቃላት እንደ ምሳሌ አትወስዳቸውም። በቅዳሴው ጸሎት፣ በመንፈስ ቅዱስ ሥራ፣ ኅብስቱ ተለውጦ የክርስቶስ እውነተኛ ሥጋ፣ ወይኑም ተለውጦ እውነተኛ ደሙ ይሆናል ብላ ታምናለች። የመልክና የጣዕም አለመለወጥ ለሰው ድካም የተደረገ ርኅራኄ ነው ይላሉ መምህራኑ፤ ሰው ጥሬ ሥጋና ደም ቢያይ ሊቀበለው አይደፍርምና። ከብሉይ ኪዳንም የመልከ ጼዴቅን ኅብስትና ወይን፣ የፋሲካውን በግና በምድረ በዳ የወረደውን መና ጥላው አድርገው ያስተምራሉ።

ምሥጢሩ ይህን ያህል ከፍ ያለ ቢሆንም ከገበሬው ማሳ ይጀምራል። ኅብስቱ ከንጹሕ ስንዴ ብቻ ይዘጋጃል። ጤፍ፣ ገብስ ወይም ዳጉሳ ሊተካው አይችልም፤ የተቀላቀለም አይፈቀድም። ጤፍ፣ በቆሎና ዳጉሳ በብዛት በሚመረትበት በዳንግላ ወረዳ ስንዴው የሚመጣው ጥቂት ካለው ገበሬ፣ ወይም ደጋ ከሆኑት የአዊ ወረዳዎች፣ አለዚያም ከገበያ ነው። ምእመናን በመባ መልክ ያመጡታል። በዓመት በዓል ወይም በስለት አንድ ቁና ስንዴ፣ ጥቂት ዘቢብ፣ ዕጣንና ጧፍ ይዞ መሄድ በገጠሩ የቆየ ልማድ ነው። ስንዴው በጥንቃቄ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይፈጫል። በብዙ አጥቢያዎች ይህን የሚያደርጉት አረጋውያን እናቶችና መነኮሳይያት ናቸው፤ ስማቸው የማይነገር፣ ግን ያለ እነርሱ ቅዳሴ የማይቆም።

ዱቄቱ ከደረሰ በኋላ ያለው ሥራ የካህናቱ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለችው ትንሽ ቤት "ቤተ ልሔም" ትባላለች። ክርስቶስ የተወለደባት ከተማ ስም በዕብራይስጥ "የእንጀራ ቤት" ማለት ነውና ስሙ ለዚህች ቤት የሚስማማ ነው። ሰሞነኛው ዲያቆን በጾም ሆኖ በዚያች ቤት ሊጡን ያቦካል፣ ይጋግራል። ኅብስቱ እርሾ የገባበት፣ ክብና የመስቀል ምልክት የታተመበት ነው። በዕለቱ ይጋገራል፤ የትናንት ኅብስት ለዛሬ ቅዳሴ አይቀርብም። ከዚያም በመሶበ ወርቅ ተሸፍኖ፣ ቃጭል እየተመታ፣ ጥላ ተዘርግቶለት ወደ መቅደስ ይገባል። በግቢው ያለ ሰው ይህን ሲያይ ቆሞ ያሳልፋል።

ወይኑ የራሱ ታሪክ አለው። ወይን በብዛት በማይበቅልበት አገር አባቶች ያገኙት መላ ዘቢብ ነው። የደረቀው ፍሬ ታጥቦ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም ይጨመቅና ይጠለላል። የሚገኘው ያልሰከረ፣ ቀይ፣ ጣፋጭ ጭማቂ ነው። ይህ ሥርዓት አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዘመኑ የነበሩት ካህናት ለቅዳሴ የሚሆነውን ወይን ከተዘፈዘፈ ዘቢብ ሲያዘጋጁ ማየቱን ጽፏል። ዛሬ በዳንግላ አጥቢያዎች የሚሠራበት መንገድ ያው ነው፤ የተለወጠው የዘቢቡ ዋጋ ነው። ገጠር ላለች ድኻ አጥቢያ የዘቢብና የዕጣን ወጪ ቀላል አይደለም፤ መባ ሲቀንስ በመጀመሪያ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው።

ቅዳሴ በአንድ ቄስ አይቆምም። ቢያንስ 5 ልኡካን ያስፈልጋሉ፤ 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት። ይህ ቁጥር ለከተማው አጥቢያ ችግር ባይሆንም ለገጠሩ ብዙ ጊዜ ፈተና ነው። ዲያቆኑ ትምህርት ቤት ወይም ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሲሄድ፣ ቄሱም ሲያረጅ ልኡካን ይጎድላሉ። ልኡካን ከጎደሉ ቅዳሴ የለም፤ ቅዳሴ ከሌለም ቁርባን የለም። በአንዳንድ ገጠር ቁርባን የሚቀበለው ሰው ማነሱ ሲነገር ይህም መዘንጋት የለበትም።

ቅዳሴው በግእዝ የሚደርስ ሲሆን ቤተ ክርስቲያኒቱ በጋራ የምትጠቀምባቸው 14 ቅዳሴያት አሏት። በዓሉና ወቅቱ የትኛው እንደሚቀደስ ይወስናል። ቅዳሴ ሐዋርያት፣ ቅዳሴ እግዚእ፣ ለብህንሳው አባ ሕርያቆስ የሚሰጠው ቅዳሴ ማርያም፣ የባስልዮስ፣ የጎርጎርዮስ፣ የአትናቴዎስ፣ የዮሐንስ አፈወርቅ፣ የቄርሎስ፣ የዲዮስቆሮስና የሌሎችም አባቶች ቅዳሴያት ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ዜማውን በቃል ለማጥናት ዓመታት ይወስዳል፤ የደብረ ዓባይና የሰሌልኩላ ተብለው የሚታወቁ ሁለት የአዜማም መንገዶች አሉ። አዊኛ የቤት ቋንቋው በሆነ ገጠር፣ ግእዙም አማርኛውም ከአፍ መፍቻው ውጭ የሆነበት አረጋዊ የትኛው ጸሎት ላይ እንደተደረሰ ከዜማው፣ ከደወሉና ከዕጣኑ ያውቃል። የሚሰገድበትን፣ ዝም የሚባልበትን፣ እግዚኦታ የሚደረስበትን ሰዓት አይስትም። የቃሉን ፍቺ መረዳት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ምእመን ስለ ቁርባን ያለው ዕውቀት ከትርጓሜ ሳይሆን ከሰፈር ወሬ የመጣውም በከፊል በዚህ የተነሣ ይመስላል።

ሥጋውና ደሙ የሚታደለው በቅድስት ነው። ሥጋውን የሚያቀብለው ቄሱ ብቻ ነው፤ ደሙን ደግሞ ዲያቆኑ በዕርፈ መስቀል ያቀብላል። በመጀመሪያ ልኡካኑ ይቆርባሉ፤ ቀጥሎ ሕፃናት፣ ከዚያ ወንዶችና ሴቶች በየተራቸው ይቀርባሉ። ቆራቢው ከተቀበለ በኋላ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ጠበል ይጠጣል። ያን ቀን ምራቁን አይተፋም፣ አይሰግድም፣ ገላውን አይታጠብም፣ ባዶ እግሩን አይሄድም፣ ከተቻለም ከባድ ሥራና ረጅም መንገድ አይገባም። ለገበሬው እሑድ ስለሆነ አይከብድም፤ በሥራ ቀን በሚውል በዓል ለሚቆርብ የከተማ ሠራተኛ ግን አስቀድሞ ማሰብን ይጠይቃል።

ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። በዚያው ዕለት ሜሮን ይቀባሉ፣ በዚያው ዕለት ይቆርባሉ። ከዚህ አንጻር ሲታይ በዳንግላ የሚኖር እያንዳንዱ የተጠመቀ የተዋሕዶ አማኝ አንድ ጊዜ ቆራቢ ነበር። አራሹም፣ ነጋዴውም፣ የባጃጅ ሹፌሩም። "መቼ ልጀምር?" የሚለው ጥያቄ በትክክል ሲጠየቅ "ለምን አቋረጥሁ?" መሆን ነበረበት።

ልጁ እስከ 7 ዓመቱ ገደማ ያለ ንስሐ ይቆርባል፤ ክፉና ደጉን አልለየምና። ከዚያ በኋላ የንስሐ አባት ያስፈልገዋል። ብዙው ሰው ከሰልፉ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ወላጆች ሕፃኑን አቅፈው ያመጡ ነበር፤ ልጁ በእግሩ ሲሄድ ግን "እንግዲህ አድጓል" ብለው ይተዉታል። እነርሱ ራሳቸው ስለማይቆርቡ ቀጥል የሚሉበት አፍ የላቸውም።

ከቆራቢው የሚጠበቀው የመጀመሪያው ነገር ንስሐ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 ሰው ራሱን ሳይመረምር ከዚህ ማዕድ እንዳይቀርብ ያስጠነቅቃል። በደልን ለንስሐ አባት መናዘዝ፣ የተሰጠውን ቀኖና መፈጸም፣ የሰው ገንዘብ ካለ መመለስ ያስፈልጋል። ሁለተኛው እርቅ ነው፤ በዚህ አካባቢ ከሁሉም የከበደው ምናልባት ይህ ነው። በድንበር የተጣሉ ጎረቤቶች፣ በውርስ ቂም የተያያዙ ወንድማማቾች፣ ደም የተቃቡ ቤተሰቦች ሳይታረቁ መቁረብ አይችሉም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባን በመሠዊያው ፊት ትቶ ሄዶ ከወንድም ጋር መታረቅ ታዝዟልና። ካህኑ "ሂድና ታረቅ" ሲል ሽማግሌ ይላካል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ የተዘጋ በር ይከፈታል። በአንድ ቀበሌ ቂም የበዛበት ዓመት የቆራቢ ቁጥር የሚያንስ ከሆነ ሊያስገርም አይገባም።

ሦስተኛው ጾም ነው። በሥርዓቱ መሠረት ቆራቢው ከመቀበሉ በፊት 18 ሰዓት ከምግብም ከውኃም ይከለከላል። ስሌቱ ብዙዎችን ስለሚያደናግር በምሳሌ ማየት ይሻላል። እሑድ ጧት 2 ሰዓት ላይ የሚቆርብ ሰው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ምንም አይቀምስም። ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ በሚሆንበት በጾም ወቅት 9 ሰዓት ላይ የሚቆርብ ደግሞ በዋዜማው እስከ ማታ 3 ሰዓት ሊመገብ ይችላል። ባለትዳሮች ከመቁረባቸው በፊት 3 ቀን፣ ከቆረቡም በኋላ 2 ቀን ከሩካቤ ይታቀባሉ። ለጨቅላ ሕፃናት የጾሙ ሰዓት እንደ አቅማቸው ነው። ነፍሰ ጡሮች፣ የስኳር ሕሙማንና በሰዓት የሚወሰድ መድኃኒት ያላቸው ሰዎች ለብቻቸው ከመወሰን ይልቅ ከንስሐ አባታቸውም ከሐኪማቸውም ጋር አስቀድመው መነጋገር ይኖርባቸዋል።

እነዚህ ሁሉ ከባድ ቢመስሉም መካከለኛውን ትውልድ ከቁርባን ያራቀው ጾሙ አይደለም። 55 ቀን ዐቢይ ጾምን የሚጾም ገበሬ ለ18 ሰዓት አይሸነፍም። ዋናው ምክንያት ከጋብቻ ጋር የተሳሰረ ነው።

በአማራ ክልል ገጠር ለዘመናት በስፋት የቆየው የጋብቻ ዓይነት "የሰማንያ" የሚባለው ነው። በሽማግሌና በምስክር ፊት የሚፈጸም ውል ነው፤ ባይሆንለት ይፈርሳል፣ ንብረቱ ይከፈላል። "በቁርባን መጋባት" ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሙሽሮቹ አብረው ሥጋ ወደሙን ይቀበላሉ፤ ድንግልናቸውን የጠበቁ ከሆኑ ተክሊል ይደፉላቸዋል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይህ ጋብቻ ከዝሙትና ከሞት በስተቀር አይፈታም። ካህን መሆን የሚፈልግ ዲያቆን ሌላ ምርጫ የለውም። ሚስቱ ብትሞትበት እንኳ ሌላ ካገባ ክህነቱ ያበቃል።

ስለዚህ በሕዝቡ አእምሮ ቁርባን ማለት "የማይፈታ ቃል" ሆነ። በሰማንያ የተጋቡ ባልና ሚስት ለብቻ ለብቻ መቁረብ አይችሉም፤ ከቆረቡ አብረው ነው፤ አብረው ከቆረቡ ደግሞ ጋብቻቸው ወደ ቁርባን ጋብቻ ይሸጋገራል። ወጣቶቹ "ትዳሩ ይጽና፣ ልጅ ይወለድ፣ ጠባይ እንተዋወቅ" እያሉ ያቆዩታል። ዓመታት ያልፋሉ። በመጨረሻ ልጆች ተድረው፣ ጉልበት ደክሞ፣ ጸጉር ሲሸብት ባልና ሚስቱ ተያይዘው ይቆርባሉ። የአረጋውያን ሰልፍ ረጅም የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከልማዱ በስተጀርባ አንድ የሚያከብር ነገር አለ፤ ሰዎቹ ቃላቸውን አቅልለው አያዩትም። ግን ውጤቱ ሲመዘን፣ በወጣትነቱ በድንገት የሚሞተው፣ በሥራ ላይ አደጋ የሚደርስበት፣ በወሊድ የምታልፍ እናት ሳይቆርቡ ይሄዳሉ። ለሚያምን ቤተሰብ ይህ ከለቅሶው ይበልጥ የሚቆረቁር ጸጸት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። "ከቆረብሁ በኋላ ብበድልስ?" የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይሰማል። ቆራቢ ሰው ሊቆጣ፣ ሊሟገት፣ ጠላ ቤት ሊቀመጥ አይገባውም የሚል ግምት አለ፤ ጎረቤትም ይከታተለዋል። "ቆርቦ እንዲህ አደረገ" መባልን የሚፈራ ሰው ሳይቆርብ መኖርን ይመርጣል። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ይህን አስተሳሰብ ሲያርሙ ቁርባን የጻድቃን ሽልማት ሳይሆን የድኩማን መድኃኒት መሆኑን ያስረዳሉ፤ ከቆረበ በኋላ የወደቀ ሰው እንደገና ንስሐ ገብቶ ይመለሳል። ከበደል ጋር መድፈር አንድ ነገር ነው፤ በደልን ሰበብ አድርጎ ለ40 ዓመት መራቅ ሌላ ነው። ሁለቱም ስሕተት ቢሆኑም በአካባቢው የበዛው ሁለተኛው ነው።

ከጋብቻው ጋር የሚነሣ አንድ ጉዳይ በግልጽ መነገር አለበት። ዲያቆናት ድንግል ማግባት ይገባቸዋልና በሚል ሴት ልጆችን በለጋ ዕድሜ መዳር በክልሉ ገጠሮች ለዘመናት ታይቷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻን ያውቃል፤ ዕድሜያቸው 18 ዓመት ያልሞላ ልጆችን ጋብቻ ግን ይከለክላል። ተክሊል መደፋቱ ይህን አያስቀርም። በተመሳሳይ መንገድ፣ በቁርባን የተጋቡ ሰዎች በፍርድ ቤት የፍቺ ውሳኔ ቢያገኙ መንግሥታዊ ሕጉ ንብረታቸውን ያከፋፍላል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ያን ውሳኔ እንደ መፍቻ አትቆጥረውም። ሁለቱን ሳይለዩ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄዱ ባልና ሚስቶች በኋላ ግራ ሲጋቡ ይታያል።

በዓመቱ ውስጥ ልማዱ የሚሰበርበት ወቅት አለ፤ ጾመ ፍልሰታ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚቆየው ይህ ጾም በሕፃናት ዘንድ የተወደደ ነው። በአዊ ነሐሴ የከባድ ዝናም ወር ነው፤ ማሳው አረም የሚይዝበት፣ የጤፍ ዘርም ያላለቀበት ጊዜ ነው። ያም ሆኖ አጥቢያዎቹ በየቀኑ ይሞላሉ። ጧት ውዳሴ ማርያም ይተረጎማል፤ ከቀትር በኋላ ቅዳሴ ይገባል፤ ብዙውን ጊዜም ቅዳሴ ማርያም ነው። ልጆች በጭቃ መንገድ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ነጠላቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይመጣሉ፤ ሲቆርቡ ግን ጫማ መልበስ እንዳለባቸው እናቶቻቸው ደጋግመው ያስታውሷቸዋል። ገበሬው ግማሽ ቀን ከማሳው፣ ግማሽ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ይውላል። ሌላ ጊዜ የማይቆርብ ወጣት በፍልሰታ ንስሐ ገብቶ ይቆርባል። ሱባኤ የገቡ ሰዎች ደግሞ 15ቱን ቀን በገዳማትና በአድባራት ያሳልፋሉ።

ባለፉት አሥርት ዓመታት በከተሞች ለውጥ መታየቱም አይካድም። የሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳንና በዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ ግቢ ጉባኤያት ወጣቶች በንስሐ ሕይወት ኖረው እንዲቆርቡ ያስተምራሉ። በቁርባን የሚጋቡ የተማሩ ሙሽሮች ቁጥር ቀላል አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ሲመለስ የሚቆርብ ልጅና የማይቆርቡ ወላጆች በአንድ ቤት መኖራቸው ለአንዳንድ ቤተሰብ አዲስ ውይይት ከፍቷል።

የቁርባን ሥርዓት በዚህ ምድር ደም ያፋሰሰበት ዘመንም ነበር። ከዳንግላ ብዙም በማይርቀው ሰከላ፣ የዓባይ መነሻ የሆነውን ግሽ ዓባይን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1618 ያየው ኢየሱሳዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ለዐፄ ሱስንዮስ ወዳጅ ነበር። ንጉሡ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን እንደ ፓኤዝ ታጋሽ አልነበረም። ካህናቱ እንደገና እንዲሾሙ፣ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ቅዳሴውም በላቲን ሥርዓት እንዲቃና አዘዘ። ለገበሬው ይህ ማለት አባቱ የተጠመቀው ጥምቀት፣ እርሱ የቆረበው ቁርባን፣ የሚያውቀው ቄስ ሁሉ ከንቱ ነበር መባል ነው። ዐመፁ ከየአቅጣጫው ተነሣ። ከብዙ እልቂት በኋላ ሱስንዮስ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ዛሬ በኢትዮጵያ የሚገኙ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም ይህን ማዕድ ያከብራሉ። በግእዝ ሥርዓት የምትቀድሰው የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የኅብስቱንና የወይኑን መለወጥ ታምናለች። ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አብዛኛውን ጊዜ "የጌታ እራት" ይሉታል። የሉተርን ትምህርት የምትከተለው መካነ ኢየሱስ ክርስቶስ በማዕዱ በእውነት አለ ብላ ስታስተምር፣ ከሌሎቹ ብዙዎቹ የሞቱ መታሰቢያ አድርገው ይወስዱታል። በእነርሱ ዘንድ ሕፃናት አብዛኛውን ጊዜ አይቀበሉም፤ አምኖ መመስከር ይቀድማል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ጎረቤታሞች ግን እርስ በርስ ሲተዋወቁ የሌላውን በስሙ መጥራት ይችላሉ።

ለመቁረብ የሚያስብ የዳንግላ ነዋሪ ከየት ይጀምር? የመጀመሪያው እርምጃ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን የንስሐ አባት ነው። የንስሐ አባት የሌለው በአጥቢያው ካሉ ቀሳውስት አንዱን ይይዛል። ባለትዳር ከሆነ ከትዳር አጋሩ ጋር አብሮ ይቀርባል፤ አንዱ ሳይፈልግ ሌላው ብቻውን መንገዱን መጀመር አይቀናውም። የተጣላው ሰው ካለ ሽማግሌ የሚላክበት ጊዜ ይታሰባል፤ ይህ አንዳንዴ ከጾሙ ይልቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። የጸና ሕመም ያለበትን ሰው ለማቁረብ የሚፈልግ ቤተሰብም ነገሩን ለመጨረሻው ሰዓት መተው የለበትም፤ ሥጋውና ደሙ ለነገ ተብሎ አይቀመጥምና ከካህናቱ ጋር ቀን መቁረጥ ያስፈልጋል።

አዎን፣ አይቀመጥም። ሕዝቡ ከቆረበ በኋላ የተረፈውን ልኡካኑ በዚያው ይፈጽሙታል። ጻሕሉና ጽዋው በውኃ ይታጠባሉ፤ የታጠበበትንም ውኃ ካህናቱ ይጠጡታል እንጂ መሬት አይነካም። ማኅፈዳቱ ይታጠፋሉ፤ ሕዝቡ ተባርኮ ይሰናበታል። በቤተ ልሔም ያለው መጋገሪያ ይቀዘቅዛል፤ ሰሞነኛው ዲያቆንም የቀረውን ዱቄት ለክቶ ለሚቀጥለው እሑድ ይበቃ እንደሆነ ያያል።